አፍንጫው ወደፊት ነው

ለሚመለከተው ሁሉ፦

ከጎሚስታው ቀጥሎ፣ ከፎቶ ኮፒ ቤቱ በፊት ያለው የእንጨት ዕቃ መጠገኛ ባለቤት የሱቁን መስኮት ያጠበ መሆኑን በታላቅ አክብሮት እናስታውቃለን። የታጠበው ግማሹ ነው። የቀኙ ግማሽ ሱቁ ከተከፈተ ጀምሮ የተሸከመውን አቧራ እንደያዘ እንዲቀጥል ተወስኗል። ውሳኔው በሙሉ ድምፅ የጸደቀ ሲሆን፣ ድምፅ የሰጠውም አንድ ሰው ነው።

ይህ ሰው በሰፈሩ ሚሊሜትር ይባላል። ስሙን ያወጣለት ጎሚስታው ነው። አንድ ጊዜ በርጩማ አሠርቶ ሊወስድ ሲመጣ፣ «አንዱ እግር በአንድ ሚሊሜትር አጥሯል፤ ነገ ና» ተብሎ ተመለሰ። በማግስቱ ሲመጣ፣ «አሁን ደግሞ ሦስቱ ረዝመዋል» ተባለ። በርጩማው እስከ ዛሬ ሱቁ ውስጥ አለ፤ እስከ ዛሬም ይወዛወዛል።

ሚሊሜትር የተጣመመ ነገር አይቶ ማለፍ አይሆንለትም። ሰው ቤት ሲገባ ከሰላምታ በፊት ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ፎቶ ያቃናል። ማቃናቱስ ደግ፤ ማብራራቱ ነው የከፋው። ለምን እንደተጣመመ፣ ሚስማሩን የመታው ሰው በየትኛው እጁ እንደመታ፣ መቼ እንደሚወድቅ፣ ማን ራስ ላይ እንደሚወድቅ፣ አንድ በአንድ ያስረዳል። ሰው ሁለተኛ አይጠራውም።

ከታጠበው ግማሽ መስኮት ትይዩ፣ ከመንገዱ ማዶ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ የጥርስ ክሊኒክ አለ። አንዱ በሽተኛ ወጥቶ ሌላው እስኪገባ ነጭ ጋዋን የለበሰች ሐኪም እዚያ መስኮት ላይ ትቆምና ጓንቷን እያወለቀች ወደ ታች ታያለች። ልክ በዚያች ሰዓት ሚሊሜትር የያዘው እንጨት ሁሉ ብርሃን ያስፈልገዋል።

ነገሩ የጀመረው በመንጋጋ ጥርስ ነበር። አፉን ከፍቶ ተጋድሞ ሳለ የክሊኒኩ መሳቢያ ሲንቋረር ሰማ። በደነዘዘ ከንፈሩ፣ ምራቁ በአገጩ እየወረደ፣ መሳቢያው ለምን እንደሚንቋረር ሊያብራራላት ሞከረ። አንዱንም ቃል አልሰማችውም። ግን ሳቀች፤ ሳቋም መሳቢያውን አስረሳው። እሱን ያህል ሰው መሳቢያ ከረሳ የቀረው ነገር ግልጽ ነው።

ከዚያ ወዲህ የሚጻጻፉት በቀጠሮ ካርድ ነው። አድራሹ ጎሚስታው ሲሆን፣ ካርዱ ሁሉ የጎማ ጥቁር አሻራ አለበት። «ሕመሙ፦ ናፍቆት። የጀመረው፦ ጠዋት። የሚብሰው፦ መስኮቱ ላይ ስትጠፋ።» እንዲህ እያለች ነበር የምትጽፍለት።

መሰናክሉ አባቷ ናቸው። ባለፋብሪካው። በከተማው ከችፑድ የተሠራ ቁምሳጥን ካለ የእሳቸው ነው፤ የተሰበረ ካለ ደግሞ ሚሊሜትር ሱቅ ነው ያለው። ልጃቸው አንድ ናት፤ እናቷ ካረፉ ወዲህ አባትና ልጅ ብቻቸውን ናቸው። ስለ ሚሊሜትር ስታነሳባቸው ጋዜጣቸውን ሳያወርዱ፣ «ከጎማው ጎን ያለችውን ቀዳዳ ነው የምትዪኝ? አላየውም፤ ቤቴም አይመጣም» አሏት።

እሷም ለሚሊሜትር እንዲህ አለችው፦ «አባቴን ጥዬ አልመጣም። አንተንም ጥዬ አልሄድም። ጠጋኝ አይደለህ? መላ በለው።»

መላው ግን ከእሷ ነው የመጣው፣ በአሮጌ ጋዋን ተጠቅልሎ።

«ምንድነው?» አላት፣ የሥራ ጠረጴዛው ላይ ስታጋድመው።

«በሽተኛ ነው። ቀስ ብለህ ያዘው።»

ጋዋኑ ሲገለጥ መላጊያ ሆኖ ተገኘ። ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ፣ እጀታ የሌለው፣ የጥንት የእንጨት መላጊያ። ምላጩ ዝጎ ከሚያጠብቀው ሽብልቅ ጋር ተጣብቋል፤ ሆዱ ተጣሟል፤ ጀርባው ላይ ቀለም፣ ጭቃና ምኑም የማይታወቅ ነገር ደርቆበታል።

«አባቴ ሥራ የጀመረው በዚህ ነው» አለች። «አክስቴ ጓሮ አገኘሁት። የብረት በሯ እንዳይዘጋባት በዚህ ነው የምታስደግፈው።»

«በመላጊያ?»

«አትቆጣ። እንጨት ነው ብላ ነው።»

ሚሊሜትር ዓይኑን ጨፈነ፤ የሆነ ቦታውን ያመመው ይመስል ነበር።

እቅዷ ይሄ ነው። እሑድ አባቷ ፋብሪካውን አብሯቸው ለሚሠራ አንድ ወጣት ኢንጂነር ያስረክባሉ። ሠራተኛው ሁሉ ባለበት መላጊያውን በስጦታ ታቀርባለች። አባቷ ማን አደሰው ማለታቸው አይቀርም። ያን ጊዜ ዞር ብላ እሱን ታሳያቸዋለች። «በዚያች ሰዓት ከወደደህ ወደደህ» አለች። «ካልወደደህ…» ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰችውም። ጓንቷን ከኪሷ አውጥታ ጣቶቹን አንድ በአንድ ታቃና ጀመር።

ሚሊሜትር በዚያው ማታ ሥራውን ጀመረ። 

ሽብልቁን በእንጨት መዶሻ ከጎንና ከጎን እየመታ፣ እየለመነ፣ እየመታ፣ አላቀቀው። ምላጩን አቼቶ ውስጥ ዘፍዝፎ ዝገቱን አራገፈ፤ በመሳያ ድንጋይ ላይ ጀርባው ፊቱን እስኪያሳየው ድረስ ሳለው። ያየው ፊት የፈራ ፊት ነበር። የመላጊያውን ሆድ በእርሳስ አስምሮ፣ መስታወት ላይ በተለጠፈ ብርጭቆ ወረቀት እያሸ፣ መስመሩ ሁሉ እኩል እስኪጠፋ ድረስ አስተካከለው። ያንንም ያደረገው ምላጩንና ሽብልቁን በቦታቸው አጥብቆ ነው፤ ለምን እንደዚያ እንደሚደረግ ለጎሚስታው ሲያብራራ አንድ ሰውዬ ጎማው ሳይነፋለት ሄደ።

ሐኪሟ በሽተኛ በሌላት ሰዓት እየወረደች የሚወዛወዘው በርጩማ ላይ ትቀመጣለች።

«ይሄ አፉ ነው» ይላታል። «ምላጩን ጥርሱ በይው። ሽብልቁ ጨብጦ የሚይዘው ነው። ይሄኛው ጫፍ አፍንጫው፣ ይሄኛው ጭራው። መዳፍሽን ጭራው ላይ ታሳርፊና ወደፊት ትገፊዋለሽ።»

«እነዚህስ ምንድናቸው?»

ጭራው ላይ፣ ከኋላ በኩል፣ አራት ጎድጎድ ያሉ ነገሮች ጎን ለጎን ተደርድረዋል።

«የአክስትሽ በር። ዘንግ ዘንግ ብረት ያለው በር ነው አይደል?»

«አዎ፣ ዘንግ ነው።»

«በቃ እሱ ነው የጎዳው።»

እንዲህ ይበል እንጂ ጣቱን በጎድጓዶቹ ውስጥ ሲያሳልፍ አንድ ነገር ቅር አለው። ብረት ሲመታ ይነክሳል እንጂ አይልስም። እነዚህ ግን እንደ ጆሮ ውስጥ ልስልስ ያሉ ነበሩ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሥራ ፈትቶ ሲያስብበት ይሰነብት ነበር። አሁን ግን ከፊቱ እሑድ ቆሟል፤ እሷም በርጩማው ላይ ተቀምጣ እግሯን ታወዛውዛለች። ከመላጊያው ጋር አንድ ዓይነት ከሆነ እንጨት አራት ቁራጭ ቆርጦ፣ እያንዳንዱን በየጎድጓዱ ልክ አሳጥሮ፣ ከቆዳ በተቀቀለ ሙጫ ለጠፋቸው። ጎድጓዶቹን ግን በስለት አልነካቸውም። አሮጌ ዕቃ ላይ ሙቅ ውሃ የማይፈታውን ነገር አይለጥፍም፤ ይሄ ሃይማኖቱ ነው ማለት ይቻላል። ጭራውን መዳፍ እንዲያርፍበት አድርጎ አድቦለቦለና የተልባ ዘይት አጠጣው።

ሲሞክረው ፍቅፋቂው በአፉ ገብቶ በጀርባው ተጠቅልሎ ወጣ፤ ስስ ከመሆኑ የተነሳ እሷ በሱ ውስጥ አየችው።

«እንዲህም ሆነህ ታምራለህ» አለችው፣ ፍቅፋቂውን ዓይኗ ላይ እንደያዘች። ከዚያ አወረደችው። «ስማኝ። እሑድ የፈለገው ነገር ቢጣመም እንዳትናገር። መሳቢያ ቢንሻፈፍ፣ በር ቢዘም፣ ሰማይ ቢጣመም። ቃል ግባልኝ።»

«ገብቻለሁ።»

«አንተን እኮ አውቅሃለሁ።»

እሷም ፈርታ ነበር። እንደ ፈራች ያወቀው ስትወጣ በሩን ሁለት ጊዜ ስለዘጋችው ነው።

*

የፋብሪካው አዳራሽ ሙጫና አዲስ ጫማ ይሸት ነበር። ሚሊሜትር ከኋላ፣ ከአክስትየው አጠገብ ቆመ። ሴትየዋ የባለፋብሪካው ታላቅ እህት ናቸው፤ ወንድማቸውን ያሳደጉት እሳቸው ናቸው።

«ጥርሱን አሞት ፍቅር የያዘው አንተ ነህ?» አሉት በሹክሹክታ።

«እኔ ነኝ እትዬ።»

«ታዲያ ምን ሆነህ ነው ራስህን የምትቆነጥጠው?»

ከመድረኩ በላይ የተሰቀለው ጨርቅ ግራው ዝቅ፣ ቀኙ ከፍ ብሎ ነበር። ለትዕይንት የቀረበው ቁምሳጥን አንዱ በር ከሌላው ጋር ተኳርፏል። ሚሊሜትር እጁን ኪሱ ከትቶ ጭኑን ቆነጠጠ፤ ቃሉን ጠበቀ። ከዚህ የባሰ ፈተና የሚመጣ አልመሰለውም።

ሐኪሟ ሣጥኑን ለአባቷ ሰጠች። ባለፋብሪካው ከፈቱት። ረጅም ንግግር ያዘጋጁ ሰው ነበሩ፤ ወረቀቱ እጃቸው ላይ ነው። ወረቀቱን ለማን እንደሰጡት ሳያውቁ ሰጡና መላጊያውን አነሱ። አሸተቱት።

«ማን ነው ያደሰው?» አሉ።

ሐኪሟ ዞር አለች። ዓይኗ ከሰው መሃል እሱን ፈልጎ አገኘው። ከንፈሯ ተከፈተ። 

«ጋሼ፣ አንዴ ይላጉልንና እንይ» አለ ኢንጂነሩ፣ ክፋት ሳይኖረው፣ እንደ ደስተኛ ሰው። ሠራተኛው አጨበጨበ። ሁለት ሰዎች ሳንቃ አምጥተው ሞርሳ ላይ አሰሩ። የሐኪሟ ከንፈር እንደተከፈተ ቀረ።

ባለፋብሪካው እንቢ ሊሉ ነበር፤ ፊታቸው ላይ ታይቷል። ግን እጃቸው ቀድሟቸው ኮታቸውን አወለቀ። ሳንቃው ጫፍ ላይ ቆሙ። መላጊያውን አፍንጫውን ወደ ሆዳቸው አዙረው አስቀመጡት። ክንዳቸውን ዘርግተው ጣታቸውን ጭራው ላይ አጠፉት። ጣቶቹ እዚያ አንድ ነገር ፈለጉ። አጡት። በአዲሱ ድብልብል ላይ ተንሸራተቱ። ደግመው ፈለጉ።

ሚሊሜትር በኋላ ሲያስበው፣ ያን ጊዜ አፉን ማን እንደከፈተው ማወቅ አልቻለም።

«ዞሯል ጋሼ። አፍንጫው ወደፊት ነው።»

ይሄ ብቻ ቢሆን ኖሮ ምንም አልነበረም። ግን ሚሊሜትር ነውና ቀጠለ፦ ጭራው የመዳፍ ማረፊያ እንደሆነ፣ መላጊያ እንደሚገፋ እንጂ እንደማይሳብ፣ የሚስብ ሰው ካለም ሙያውን ያልተማረ መሆኑን አብራራ። ድምፁ ጥርት ያለ ነበር። አዳራሹ ጸጥ ስላለ እስከ መጨረሻው ሰው ደረሰ።

አንዱ ሳቀ። ከዚያ ሌላው። ወጣቶቹ ተያይዘው ሳቁ።

ባለፋብሪካው መላጊያውን ቀስ ብለው አስቀመጡ። ጆሯቸው ቀላ። «ልክ ነው» አሉ። «ሙያ ስለሌለኝ ነው።» ሰው ቀልድ መስሎት የባሰ ሳቀ፤ አጨበጨበም። እሳቸው ኮታቸውን ሊለብሱ እጃቸውን ወደ ኋላ ሰደዱ። እጅጌውን አጡት። ልጃቸው መጥታ እጃቸውን ይዛ አስገባችላቸው፣ ለሕፃን እንደሚደረገው።

ከዚያ በሰው መሃል ሰንጥቃ ወደ ሚሊሜትር መጣች። የማልቀስ ፊት አልነበራትም። በሽተኛዋን የምታይበት ፊት ነበር።

«ይሂዱልኝ» አለችው።

አንቱ ብላው አታውቅም ነበር። እዚያው ቆሞ ሳለ መንገዱ ማዶ ያለው መስኮት በመካከላቸው ሲዘጋ የሰማ መሰለው።

*

በማግስቱ ካርድ መጣ። ጎሚስታው በሩ ላይ ቆሞ አነበበለት፤ ማንበብ አልተፈቀደለትም ነበር፣ ግን አንብቦታል። «ቀጠሮዎ ተሰርዟል።»

«ሌላ ነገር የለውም?»

«ገልብጬ አይቼዋለሁ። የለውም።» ጎሚስታው ራሱን አከከ። «ምን አድርገሃት ነው?»

ሚሊሜትር ካርዱን ተቀብሎ ራሱ ገለበጠው። 

ክሊኒኩ መስኮት ላይ መጋረጃ ወረደ። የታጠበው ግማሽ መስታወት ለምንም የማይጠቅም ብርሃን ያስገባ ነበር። በሽተኛ ሲወጣ ቀና ይላል፤ በሽተኛ ሲገባ ቀና ይላል፤ መጋረጃው ንቅንቅ አይልም። የሰው ጠረጴዛ እግር ሲጠግን አንዱን አሳጠረና ሳያስተካክለው ለባለቤቱ ሰጠው። ጎሚስታው ይሄን ሲያይ የምር ደነገጠ።

እንዲህ ሆኖ ሳለ አክስትየው መጡ። መላጊያውን በፌስታል ይዘው ነበር። በርጩማው ላይ ተቀመጡ፤ በርጩማው ሲወዛወዝ፣ «አንተም እንዲህ ያለ ነገር ትሠራለህ?» አሉት።

«ጋሼ እንዴት ናቸው?»

«ወንድሜማ እሳት ውስጥ ክተቺው ብሎኝ ነበር። እኔ እንጨት አላቃጥልም፤ ወገቤን ያመኛል ጎንበስ ስል።» ፌስታሉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። «ምን እንዳደረግህ ታውቃለህ?»

«ሰው ፊት ማረም አልነበረብኝም።»

«እሱንማ ውሻም ያውቀዋል። ሌላ ነው የምልህ።»

ነገሩት። ልጆች ሳሉ የሚኖሩት ከአንድ አናጢ ግቢ ጀርባ ነበር። አናጢው ልጅ አያስገባም። አጥሩ ሳንቃ ነው፤ ሳንቃው ስንጥቅ አለው። ወንድማቸው ከጧት እስከ ማታ ዓይኑን ስንጥቁ ላይ ለጥፎ ይውላል። አናጢው የሚሠራው ፊቱን ወደ አጥሩ አዙሮ ነው፤ ስለዚህ መላጊያው ሁልጊዜ ወደ ልጁ ነበር የሚመጣው።

«ወደ ራስ የሚመጣ ነገር መሰለው» አሉ አክስትየው። «አድጎ የራሱን ሲይዝ ሳበው። ማን ይንገረው? ጎበዝ ሆነ ደግሞ፤ ወንበር ሠራልኝ። ከዚያ አንድ አናጢ ቤት ሊቀጠር ሄደና ሠራተኞቹ ፊት ሲስብ ሳቁበት። አባረሩት። ከዚያ ወዲያ በሩን ዘግቶ ብቻውን እንጂ ሰው ፊት ሠርቶ አያውቅም። በኋላ ማሽኑ መጣ፤ ተገላገለ።»

«እሑድ ታዲያ ለምን ያዙት?»

«ደስ ብሎት ረሳው። ሌላ ምን አለ።»

ሚሊሜትር መላጊያውን አንስቶ ጭራውን አየ። አራቱን ቁራጮች ከራሱ በቀር ማንም ለይቶ አያያቸውም ነበር። አራት ጣቶቹን በአራቱ ላይ አሳረፈ።

«ልጃቸው ታውቃለች?»

«አታውቅም። አንተም አትነግራትም። እሱ ከፈለገ ራሱ ይንገራት። ይቺን አንዲት ነገር አፍህ ውስጥ አስቀምጥልኝ፤ ብዙ አልጠየቅኩህም።»

አክስትየው ሲሄዱ ውሃ አሞቀ። ጨርቅ ነክሮ ጭራው ላይ አሰረ፤ ሲቀዘቅዝ እየነከረ፣ እየጠበቀ። ሙጫው ለመፍታት ጊዜ ወሰደ። በየመሃሉ፣ ካልተፈታስ፣ ጎድጓዱ አብሮ ከተላጠስ፣ እያለ ትንፋሹን ይይዝ ነበር። በመጨረሻ የመጀመሪያው ቁራጭ እንደ ወተት ጥርስ ወለቀ። ከሥሩ ጎድጓዱ አለ፤ ሳይነካ፣ ልስልስ ብሎ። አራቱም እንደዚያው።

የራሱን ጣቶች ከተተባቸው። ጠበቡት። መላጊያውን ሳንቃ ላይ አስቀምጦ፣ አፍንጫውን ወደ ሆዱ አዞረና ሳበ።

ሳንቃውን ቧጨረው።

*

ከዚያ ወዲህ ሥራው ይሄ ሆነ። መስኮቱን በሙሉ አጠበው፤ የቀኙን ግማሽ ጨምሮ። ጠረጴዛውን ወደ መስኮቱ አስጠግቶ ሲስብ ይውላል። ትከሻው ይቃጠላል፤ ምላጩ ይነክሳል፤ ደግሞ ሽብልቁን መታ አድርጎ ምላጩን ያሳጥረዋል፤ ደግሞ ይስባል። ጎሚስታው ከመፍቻ ቁልፉ ላይ ቀና እያለ ያያል።

«ምን ነካህ? ሰውዬውን እያሾፍክባቸው ነው?»

«አይደለም።»

«ታዲያ ለምንድነው?»

ሚሊሜትር መላጊያውን ደግሞ ሳበ። ጎሚስታው ከዚህ ሰው ዝምታ ሰምቶ ስለማያውቅ ቁልፉን ጥሎ አጠገቡ መጥቶ ትንፋሹን አዳመጠ።

ሰፈሩ ግን የራሱን ማብራሪያ ለራሱ ሰጠ። ሚሊሜትር በባለፋብሪካው ላይ እያላገጠ ነው፤ መስኮት ላይ ወጥቶ ነው የሚያላግጠው፤ ወሬው ፋብሪካ ድረስ ሄዷል ተባለ።

አንድ ከሰዓት በኋላ መጋረጃው ተነሳ። ሐኪሟ መስኮቱ ላይ ቆመች። ሚሊሜትር ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። ሲስብ ነበር ያየችው። በመስታወት ማዶ ፊቷ ሲለወጥ አየ፤ ከዚያ ቦታው ባዶ ሆነ። ወደ እሱ እየመጣች እንደሆነ አወቀ፤ እንዴት ሆና እንደምትመጣም አወቀ። መላጊያውን ቢያስቀምጥ መሸሽ ሊሆንበት ነው። አላስቀመጠውም።

ጋዋኗን ሳታወልቅ ገባች። አንዱ ጓንት እጇ ላይ ነበር።

«በአባቴ እየቀለዱ ነው?»

«አይደለም።»

«እሱ ቤቱን ዘግቶ ተቀምጧል። እህል አይበላም። እርስዎ ደግሞ መስኮት አጥበው ለመንገደኛ ያሳያሉ። ምክንያት ካለዎት ይንገሩኝ። አንድ ምክንያት ይስጡኝና ልመንዎት።» ድምጿ ተሰበረ። «አንተ እኮ ስለ መሳቢያ እንኳ ስታወራ አትጨርስም። አሁን ምነው?»

አንተ ያለችው አምልጧት ነበር። ሁለቱም ሰሙት።

በሚሊሜትር ምላስ ላይ ነገሩ ሁሉ ተደርድሯል፦ አጥሩ፣ ስንጥቁ፣ ልጁ። አንዲት ትንፋሽ ቢያወጣ እሷ ትመለስለታለች። ከንፈሩን ነከሰ። መላጊያውን ብቻ ዘረጋላት።

በቁጣ ተቀበለችው። ጭራው ላይ ጣቷ ደረሰ። ቆመች።

ለቁጣዋ ጊዜ ሳትሰጥ የሐኪም ዓይኗ ቀደማት። ጓንቷን አወለቀች። ወደ ብርሃኑ አስጠጋችው፤ በእያንዳንዱ ጎድጓድ ጠርዝ ላይ ጥፍሯን አሳለፈች።

«ይሄ ስብራት አይደለም» አለች ለራሷ። «ይሄ በልማድ የተበላ ነው። ጥርስም እንዲህ ይበላል… ሰው ዕድሜውን ሙሉ አንድን ነገር በአንድ በኩል ሲነክስ።»

ጣቶቿን ከተተች። ሰፏት። እጇ ሳታዝዘው ራሱ መላጊያውን ወደ ሆዷ ሳበው፣ በባዶው፣ በአየር ላይ። አንዴ። ደግማ ሳበችው። ቀና ስትል ዓይኗ ሞልቶ ነበር።

«አባቴ…»

ሚሊሜትር ወደ መሬት አየ።

«እና አንተ ታውቃለህ። አውቀህ ነው ሰው ሁሉ ሲያማህ ያልተናገርከው።» ተጠግታ ግንባሯን ትከሻው ላይ አሳረፈች፤ የሚቃጠለው ትከሻው ላይ። እንዳመመው አልነገራትም። መቼም ከዚህ የሚበልጥ ቀን አይመጣልኝም ብሎ ፈራ፤ ደስታው ራሱ ፍርሃት ነበር።

መኪና በር ላይ ቆመ። ሁለቱም ደንግጠው ተለያዩ።

ባለፋብሪካው ወረዱ። ኢንጂነሩ ነበር የሚነዳቸው። ከስተው ነበር፤ የሸሚዛቸው ኮሌታ ሰፍቷቸዋል። ደጃፉ ላይ ቆሙ፤ አልገቡም። ከኋላቸው ጎሚስታው፣ ከጎሚስታው ኋላ ሥራ የሌለው ሁሉ ተሰበሰበ።

«እየሳቀብህ ነው ሲሉኝ ላየው መጣሁ» አሉ። «እስቲ ሳቅ።»

ሐኪሟ «አባ» ብላ አንድ እርምጃ ሄደች። ሚሊሜትር መላጊያውን ከእጇ ተቀበላት።  ሳንቃው ላይ አስቀመጠው፤ አፍንጫውን ወደ ሆዱ አዞረ፤ ክንዱን ዘርግቶ ጣቶቹን ጎድጓዶቹ ውስጥ አስገባ። ሳበ። ፍቅፋቂው ሳይቆረጥ፣ እየተጠቀለለ፣ ወደ ደረቱ መጣ።

ኢንጂነሩ ከልቡ ሳቀ። «ዞሯል ወንድሜ። አፍንጫው ወደፊት ነው። ራስህ አይደለህ እንዴ ያልከው?»

«እኔ የምልገው እንዲህ ነው» አለ ሚሊሜትር።

ሰው አጉረመረመ። ባለፋብሪካው ግን ወደ ፍቅፋቂው አላዩም። ጭራውን ነበር የሚያዩት። ገቡ። ቀስ ብለው እጃቸውን መላጊያው ላይ ጫኑ፣ ሰው ጀርባውን ብቻ እንዲያይ አድርገው፤ አራቱ ጣቶች ያለ ፍለጋ ቦታቸውን አገኙ። አልሳቡም። እዚያው አሳረፏቸው፤ ትከሻቸው ቀስ እያለ ወረደ። ልጃቸውን አዩ፤ እሷ ዓይኗን አልሰበረችም። ከዚያ ሚሊሜትርን አዩት፣ ለረጅም ጊዜ፣ የሰው ሥራ እንደሚመዝን ሰው።

«መቀመጫ የለህም?» አሉት።

«አለ ጋሼ፤ ግን አንዱ እግር…» ሚሊሜትር በርጩማውን ሳብ አድርጎ አቀረበ። «አለ።»

በርጩማው ላይ ተቀመጡ። ተወዛወዘ። ምንም አላሉም። ኮታቸውን ጭናቸው ላይ አጥፈው አደረጉ፣ ቶሎ እንደማይነሣ ሰው።

ኢንጂነሩ ወደ መላጊያው ጎንበስ ብሎ ከታችም ከላይም አየው። «እኔ ግን አልገባኝም» አለ። «ወደ ኋላ ይሳባል እንዴ? የት ነው የተማርከው? ለምንድነው እንዲህ የምታደርገው?»

ደጃፉ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ጸጥ አለ። ጎሚስታው ማብራሪያው ረጅም እንደሚሆን ገምቶ ጎማ ላይ ተቀመጠ።

«አልናገርም» አለ ሚሊሜትር።